አባቴ ብቻ የሚጠራኝ ስም

እናቴም አያቴም አባቴም የየራሳቸውን ስም አውጥተውልኛል። አባቴ ባወጣው ስም ከእሱ በቀር ማንም ጠርቶኝ አያውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም። አናጺ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ከደረጃው ሥር ሆኖ በዚያ ስም ይጣራል፤ እኔም ከአራተኛ ፎቅ ወርጄ የመሣሪያ ሣጥኑን እቀበለዋለሁ። አልዛይመር ከያዘው በሦስተኛው ዓመት ያ ስም ጠፋበት። አሁን «ወንድሜ» እያለ አንቱ ይለኛል።

አምና ጀሞ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ እየተቀመጥኩ ስለ ሕመሙ አዲስ መድኃኒት በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። የሕክምና ትምህርት የለኝም። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ትርጉሙን እፈልግ ነበር። በዚህ ሕመም አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን የሚያጸዱ፣ አንቲቦዲ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ደም ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ወደ አንጎል በሚገባበት መንገድ መድኃኒቱንም አብሮ ለማሳለፍ እየሞከሩ ነው።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

«እንደ ግቢያችን ዘበኛ ነዋ» አለች። «ብቻህን ስትመጣ መታወቂያ አምጣ ይልሃል፤ ከነዋሪ ጋር ከመጣህ ቆቡን አውልቆ ያስገባሃል።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ይግባለታ።»

ደብተሬን ይዤ መካኒሳ ወደምትሠራው የአባቴ ሐኪም ሄድኩ። ገጾቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«በደንብ አንብበሃል» አለችኝ። «አንድ ነገር ግን ዘለሃል። መድኃኒቱ ሕመሙ ገና ለጀመራቸው ነው። መባባሱን ያዘገያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። አባትህ ያንን ደረጃ አልፈውታል።»

ሳላየው ቀርቼ አልነበረም። አንብቤው፣ ደብተሬ ላይ ሳልጽፈው ነው ያለፍኩት።

እናቴ «ስሙን ራስህ ንገረውና ይጥራህ» ስትለኝ ቆይታለች። እንቢ የምላት ራሱ አስታውሶ እንዲጠራኝ ስለምፈልግ ነበር። ከሐኪሟ በተመለስኩበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት።

ጥቂት አሰበና «ጥሩ ስም ነው» አለ። «ማን አወጣልዎት?»

«አባቴ።»

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ሳይመሽ ወደ እሳቸው ይሂዱ እንጂ። ይጠብቁዎት ይሆናል።»

እሺ አልኩት። ግን ከአጠገቡ አልተነሣሁም።