ፍሪጅ በር ላይ የቆመው ጠርሙስ

ባሌ ሲጋራ ያቆመ ዕለት ኩሽናዬን ተቀማሁ። ዕድሜ ልኩን በረንዳ ላይ ቆሞ ሲያጨስ የኖረ ሰው፣ ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ አሳይቶ ካስደነገጠው በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ዞረ። ይህስ ባልከፋ። ጭሱ ቀርቶ እንፋሎት ሆነ፣ መጋረጃዬም ከመጠየም ዳነ። ነገር ግን ሱቅ የሚሸጠው ፈሳሽ አልጥመው አለና ራሱ መቀመም ጀመረ። ግሊሰሪኑን፣ ኒኮቲኑን፣ የእንጆሪ ማጣፈጫውን በኢንተርኔት እያዘዘ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ በመርፌ እየለካ፣ ሰላጣ በምከትፍበት ጠረጴዛ ላይ ይበጠብጣል። እሱ “ሊክዊድ” ይለዋል። እኔም ብዙ ስም አውጥቼለት ነበር፤ እዚህ የሚጻፍ ግን አንድም የለም።

ኒኮቲን ቀልድ እንዳልሆነ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። በእንፋሎት ጥቂት ጥቂት ሲሳብ ሱስ ነው፤ በሲኒ ቢጠጣ ግን ሰው ይገድላል። ፈሳሹን እቤታቸው የሚቀምሙ ጀርመኖች ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን፣ የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ወረቀት የሚገዙት ለዚህ ነው። ባሌ ጡረታ እስኪወጣ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ የኬሚካል በርሜል ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ምልክት ያልተለጠፈበትን በርሜል አልነካም ብሎ ከአለቃው ጋር ስንቴ እንደተጣላ ነግሮኛል። ቤት ሲገባ ግን ይህን ሁሉ ዕውቀት ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቀዋል።

እሱን ብቻ ልውቀሰው ካልኩ ግን ሐሰት ነው። በኛ ሰው ቤት ዕቃ ውስጡ ያለውን አይናገርም። የአይስክሬሙን ዕቃ ብትከፍቱ በርበሬ ነው። የሰናፍጩን ብትከፍቱ ኮረሪማ ነው፣ የእርጎው ባልዲ ደግሞ ሽሮ ነው። ልጆቼ ትንንሾች ሳሉ አይስክሬም ያገኙ መስሏቸው ማንኪያቸውን በርበሬ ውስጥ ከተው እንባቸው እስኪደርቅ በጀርመንኛ ሰድበውኛል። ከዚያ በኋላ እንኳ አንድ ዕቃ አልጣልኩም። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ መጣል ለኛ ነውር ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ስትመጣ አንድ ጀሪካን ጠበል በሻንጣዋ ይዛ መጣች። አየር ማረፊያ ላይ ጉምሩኩ “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ በምልክት ሲጠይቃት በጣቷ ወደ ሰማይ አሳየችው፤ ጀርመኑም ምን እንደገባው እንጃ፣ አሳለፋት። እሷም ጀሪካኑን በትንንሽ የውሃ ጠርሙሶች ቀዳድታ፣ ክዳኖቹ ላይ በእስክርቢቶ መስቀል ሠርታ፣ ፍሪጅ በር ላይ ደረደረችልን። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያደለች ከሞላ ጎደል ጨረሰችው።

ችግሩ የመጣው ባሌ እንደሚያጨስ እናቴ ስለማታውቅ ነው። አማቿ ነው፣ የሰበካ ጉባኤ ተመራጭ ነው፣ እሑድ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ከፊት የሚቆም ሰው ነው። መጀመሪያ የራስ ቅል ያለበትን ቡናማ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አግኝታ “ይኸ ምንድነው?” ስትለው፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ “የአይጥ መድኃኒት ነው፣ እማማ” አላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ማታ ማታ ሶፋውን እያንቀሳቀሰች አይጥ ትፈልግ ጀመር። አይጧ ስትጠፋ ጥያቄው በዛ። እሱም ቡናማውን ጠርሙስ ወደ ቆሻሻ፣ ሊክዊዱን እናቴ መስቀል ከሠራችባቸው ጠርሙሶች ባዶ ወደሆነ አንዱ አዛወረና፣ ኒኮቲን በቅዝቃዜና በጨለማ ይቆያል ብሎ ፍሪጅ በር ላይ አቆመው። ወረቀት አልለጠፈበትም፤ ቢለጥፍ ይጋለጣላ!

“ይህን ነገር ሰው ይጠጣብሃል” አልኩት።

“ማን ይጠጣዋል? ልጆቹ አድገው ሄደዋል።”

“እናቴስ?”

“እማማ የራሷን ጠርሙሶች ታውቃለች” አለኝ። እኔም ተናግሬ ሲደክመኝ ወደ ሰላጣዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ እሑድ አደይ መጡ። አደይ የምንላቸው አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ፍራንክፈርት ውስጥ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሲሠሩ ያረጁ፣ አሁን ቦናመስ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ማክሰኞ ልባቸው ሊቀደድ የሐኪም ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ነበራቸው። ለመሰናበት አልመጣሁም፣ ለሻይ ነው የመጣሁት አሉ። ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጋር ሲንሾካሾኩ ዋሉና አንድ ፌስታል አንጠልጥለው ሄዱ። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም፤ የኛ ሰው ባዶ እጁን ከሰው ቤት አይወጣም።

ሰኞ ጠዋት ባሌ ሲጋራውን ሊሞላ ፍሪጁን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

“እማማ፣ እዚህ በር ላይ የነበረችው ጠርሙስስ?”

“ያቺን?” አለች እናቴ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች። “ለአደይ ሰጠኋቸው። የመጨረሻዋ ነበረች። ጠዋት እህል ሳይቀምሱ አንድ ሲኒ ሙሉ ይጠጡ ብያቸዋለሁ።”

ጠዋት ማለት አሁን ነው። ጤነኛ ሰው የሚገድል ነገር፣ ያውም ለታመመ ልብ!

ስልክ ደወልኩ፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ለነገው ኦፔራሲዮን አይዞሽ ሊላቸው ጠዋቱን እየደወለ ነው። አምቡላንስ ልጥራ ብዬ ስነሳ ባሌ እጄን ያዘኝ። “ተይዟል ማለት እያወሩ ነው። እያወሩ ነው ማለት በሕይወት አሉ ማለት ነው” አለ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ይህን ያህል ተስማምተን አናውቅም። ለእናቴ አደይ መነጽራቸውን ረስተዋል ብለናት ያገኘነውን ጫማ አጥልቀን ሮጥን።

ከሰፈራችን ከጋሉስ በኤስባን ባቡር፣ ከሃውፕትቫኸ በምድር ውስጡ ባቡር፣ በኡባን። ኡባኑ መሐል መንገድ ላይ ቆመና ሴትዮዋ በድምፅ ማጉያ ዚግናልሽቶሩንግ፣ የሐዲዱ መብራት ብልሽት፣ ነው፣ እባካችሁ ታገሡን አለች። ትዕግሥት! እኔ በየደቂቃው እደውላለሁ፣ ተይዟል ሲለኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ስልኩ ተይዟል ሲሉት የሚያመሰግን ሰው ከኔ በቀር አለ ብዬ አላስብም። ባሌ ከጭንቀቱ የተነሳ እጁን ኪሱ ከቶ ያቺን ሲጋራውን አወጣ። አየሁት። መልሶ ከተታት።

ቦናመስ ወርደን ፎቁ ሥር ስንደርስ ሊፍቱ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በዚያው ቅጽበት እንደገና ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል። አልተያዘም፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ባሌ ከኋላዬ እንደ ድሮ ባቡር እያፏጨ “አንቺ ሂጂ፣ እኔን ተዪኝ” ይላል። ተውኩት።

በሩን ደበደብኩ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው አደይ ከፈቱልኝ።

“ጓለይ፣ ልጄ! ምነው? ጸሎት ላይ ሆኜ ነው ስልኩን ያላነሳሁት።”

ከትከሻቸው በላይ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ ሥዕለ አድኅኖው ፊት፣ አንድ ሲኒ ተቀድቷል። አፍ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ አልተጠጣም። ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌም ግድግዳ ይዞ ገባ።

“ሁለታችሁም መጣችሁልኝ” አሉ ፊታቸው በርቶ። “እናትሽ ምን ዓይነት ጠበል ነው ያመጣችው! ክዳኑን ስከፍተው እንጆሪ እንጆሪ ሸተተኝ። እኔኮ እንዲህ ያለ ጠበል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ተአምር ነው።” ሲኒውንም አነሱ።

“አደይ፣ ቆዩ!” አለ ባሌ። ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ሰበካ ጉባኤው፣ ነጠላው፣ የፊተኛው መስመር፣ ሁሉም ዐይኑ ላይ ሲመጣበት አየሁት። “እሱ ጠበል… ጊዜው አልፎበታል።”

“ጠበል?”

“አዎ።”

“ጊዜው?” አሉና አዩት። “በዚህ አገር ሰው ሁሉ ሃልትባርካይቱ አለፈ እያለ ደህናውን እርጎ ይደፋል። አሁን ደግሞ ጠበል ላይ መጣችሁ? ሰጥታችሁ መንጠቃችሁ ከሆነ ንገሩኝ። በስመ አብ ወወልድ…”

ሲኒው ከንፈራቸው ሊደርስ ነው። ዘልዬ እጄን ሲኒው አፍ ላይ ጫንኩት፣ ባሌም ጮኸ።

“መርዝ ነው! የኔ ነው፣ አደይ! የማጨሰው ነው! አጨሳለሁ!”

አደይ ሲኒውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

“ማጨስህንማ አውቃለሁ፣ ወደይ” አሉት። “መስቀል ልትሳለም ስትቀርብ ቄሱ እንኳ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቦናመስ ሙሉ ያውቃል። እኔ የሚገርመኝ መርዙን በጠበል ዕቃ መክተትህ ነው።”

ባሌ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ግን አላዘንኩለትም። የሆዴን ሁሉ እዚያው አፈሰስኩት፦ ሌላው ሰው ቡናማ ጠርሙስ ገዝቶ፣ ክዳን ጠርቅሞ፣ ስም ጽፎ፣ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ያንተ ሱስ ግን እኔ ቅቤ በማስቀምጥበት ፍሪጅ የክርስቶስን መስቀል ለብሶ ይቆማል! እየተናገርኩ ፈሳሹን ወደ ጠርሙሱ መለስኩ፣ በሦስት ፌስታል ቋጠርኩት፣ እጄንና የአደይን እጅ በሳሙና አጠብኩ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ሲኒውን ሞት እንደተፈረደበት ሰው ለብቻው አስቀመጥኩት።

ዞር ስል አደይ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያ የበራው ፊት ጠፍቷል።

“እና ጠበሉስ?” አሉ።

እናቴ ያመጣችው አልቋል።

“ነገ ደረቴን ይከፍቱታል” አሉ። “አልፈራም ስላችሁ ከረምኩ። ዋሽቼ ነው። እፈራለሁ። ሰው ሁሉ ይደውልና አይዞሽ ይለኛል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። ትናንት ማታ ያቺን ጠርሙስ ትራሴ አጠገብ አድርጌ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።”

አለቀስኩ። የተናደድኩት ንዴት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ እሳቸውን አቅፌ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ባሌ ወደ አልጋው ቀረብ አለ። “ያቺ ጠርሙስ ባዶ አልነበረችም” አለ። “ሥሯ ጥቂት ጠበል ቀርቶባት ነበር። ጠርሙሷን ስፈልጋት… ጠበል ሲንክ ውስጥ አይደፋም፣ እኛ ቤት ፎቅ ላይ ደግሞ ንጹሕ አፈር ከየት ይመጣል? መስኮታችን ላይ ካለው በሶብላ ሥር አፈሰስኩት።”

ምን ይዋጠኝ! ጠበሉን ደፍቶ መርዝ ሞላበት ማለት ነው፤ ያውም ሥርዓቱን ጠብቆ። አደይ አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ብድግ ስል ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ዐይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

“በል እንግዲያ” አሉት፣ “በሶብላውን አምጣልኝ።”

ሄደ። ደረጃውን ወርዶ፣ ኡባኑን ጠብቆ፣ ጋሉስ ደርሶ፣ ከእናቴ ጥያቄ እንዴት እንዳመለጠ እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ በሶብላውን ከነማሰሮው አቅፎ፣ ካፖርቱ አፈር በአፈር ሆኖ፣ ያንኑ ደረጃ እያፏጨ ወጥቶ መጣ። አደይ ማሰሮውን ሥዕሉ ፊት አስቀመጡት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ክንዳቸውን ያዝኩላቸው። አንድ ቅጠል ቀነጠቡ፣ አማተቡ፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉትና ዐይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አኘኩት። ክንዳቸው እጄ ውስጥ እየረጋ ሲመጣ ተሰማኝ።

ከዚያ ዐይናቸውን ገልጠው ሌላ ቅጠል ቀነጠቡ። ከመጀመሪያው ይተልቃል። ለባሌ ዘረጉለት።

“እንካ፣ አንተም ብላ” አሉት፤ “አፍህ ይሸታል።”