ከመቶ ዓመት በኋላ የሚነበብ ሽሙጥ

ምዋናሚሲ ከሞምባሳ አሮጌው ከተማ ርቃ ሄዳ አታውቅም፤ ወሬዋ ግን ያልደረሰበት ሰፈር የለም። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጠዋት ደጇ ላይ በኮኮናት ወተት የተቦካ ጣፋጭ ዳቦ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ የቀረውን ቀን ጎረቤቷን ዙሁራን ስትተነኩስ ትውላለች። የምትተነኩሰው ታዲያ በሌሶ ነው። ሌሶ ጽሑፍ የታተመበት ሽርጥ ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ ሽርጥ ሳይቆረጥ አንድ ላይ ይሸጣል። በዚያ ሰፈር ጎረቤትን በአፍ መስደብ ነውር ነው፤ ስድቡን አገልድሞ በደጇ ማለፍን ግን የሚከለክል የለም።

ባለፈው ሐሙስ ታሪክ ያጠናች ሩኪያ የምትባል የሰፈሩ ልጅ ሳጥን ይዛ መጣች። ከየቤቱ አንዳንድ ዕቃ ሰብስባ ልታሽግ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከፍቱታል። ምዋናሚሲ የምትወደውን ቀይ ሌሶ ሰጠቻት። ሩኪያ ጽሑፉን አነበበች፦ «ዓይንሽን ከደጄ አንሺ፣ የራስሽ ድስት እያረረ ነው።»

«ለማን ነው እማማ?»

«ለዙሁራ ነዋ!»

ሩኪያ ከዕቃው ጋር በሚታሸገው ወረቀት ላይ «የሁለት ባላንጣ ጎረቤታሞች ሌሶ» ብላ ጻፈችና አነበበችላት። ምዋናሚሲ ደሟ ፈላ።

«ባላንጣ? ባሌ ሲሞት ለሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ስዘጋ ከእሷ ሌላ ማን አበላኝ?»

«ጨርቁ የሚለው ግን ይሄን ነው እማማ።»

እውነቷን ነው፤ ጨርቁ ሌላ አይልም። ሁለቱም አፈር ከሆኑ በኋላ ማን ያስተባብላል? ምዋናሚሲ ወደ መንገዱ ማዶ ጮኸች።

«አንቺ ዙሁራ! ቀዩን አምጪው!»

«ስድቡን?»

«አዎ፣ ስድቡን!»

ዙሁራ ቀለሙም ጽሑፉም ያው የሆነ ሌሶ ይዛ መጣች። ሩኪያ ግራ ገባት።

«ታዲያ ማን ነው ማንን የሰደበው?»

«ተራ በተራ ነዋ» አለች ዙሁራ። «አንዳችን እንገዛለን፣ ቆርጠን እኩሌታውን ለሌላዋ እንሰጣለን። ይሄን የገዛሁትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።»

ሩኪያ ሁለቱን ወለሉ ላይ ዘረጋች። ዙሁራ ስትቆርጥ መቀሱ ወደ ጎን ሄዶባት ጨርቁ ላይ ከታተሙት የካሹ ፍሬ ሥዕሎች አንዱን ለሁለት ከፍላዋለች። ጠማማው ጠርዝ ከጠማማው ጠርዝ ጋር ልክ ገጠመ፣ ፍሬውም ሙሉ ሆነ። ሩኪያ ወረቀቷን ቀደደች።

«እና ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ዙሁራ መቀስ መያዝ አታውቅም ነበር፣ በይ።»

«ነበር ምንድን ነው? ዛሬም አላውቅም!» አለች ዙሁራ፤ ሁለቱን ሌሶ አንድ ላይ አጥፋም በገዛ እጇ ሳጥኑ ውስጥ አስገባች።