ከአረቄ በኋላ የጠጣሁት

አረቄ ካቆምኩ በሰባተኛው ወር ባለቤቴ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ ቆርቆሮ ከአልጋችን ሥር ጎትታ አወጣችና ሳሎኑ መሃል ዘረገፈችው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እኔ ከሥራ ገብቼ ገና ጫማዬን እያወለቅሁ ነው። ቆርቆሮዎቹ ሲሚንቶው ላይ እየተንኳኩ እግሬ ድረስ ተንከባለሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አልኮል አይደለም።"

"በቆርቆሮ የሚመጣ የውጭ ቢራ እንዳለ የማላውቅ መሰለህ?"

"ቢራ አይደለም አልኩሽ እኮ። ኢነርጂ ነው፤ ኃይል የሚሰጥ መጠጥ። እስቲ አሽትቺው።"

አንዱን አንስታ አሸተተችው። ሌላውንም አሸተተች። ሦስተኛውን ስታሸት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። የእፎይታ ልቅሶ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቅሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ተጠርጥሬ ንጹሕ ሆኜ ስገኝ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስታው አሳቀኝ። ዛሬ ሳስበው የዚያን ቀን ሳቄ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም እሷ ዓይኗን ጠራርጋ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር፣ እኔም ሳልመልስላት ወጣሁ።

"አልኮል ካልሆነ ለምን ደበቅኸው?"

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪና ተቀምጦ ነበር፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው ሙያውን ያስተማሩኝ የአንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው የቢስቲማ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሙስሊም ናቸው፤ እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለነበር በቤታችን ጠላ እንኳ ገብቶ አያውቅም። እንግዲህ እኔ መጠጣትንና መደበቅን አንድ ላይ ነው የተማርኳቸው። በሃያ ዓመቴ ከጓደኞቼ ጋር በድራፍት ጀመርኩ። ሠላሳ ሲሞላኝ ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመስኩ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልችልም ነበር። ጠርሙሱን ከጣቃው ጀርባ አስቀምጥና ሜትር የምፈልግ መስዬ እጎነበሳለሁ። ጋሼ ያዩ ነበር። ምንም አይሉም።

ያቆምኩት ወድጄ አይደለም። አንድ ቀን ደም አስመለሰኝና ሆስፒታል ገባሁ። ብዙ ቀን ተኝቼ ስወጣ ሐኪሙ ሁለተኛ ብቀምስ እንደማልተርፍ ነግሮኝ ነበር። ከወጣሁ በኋላ አንድ እሑድ ባለቤቴ እጄን ይዛኝ ቸርች ሄድን። መጋቢው ወደ መድረክ ጠራኝና ምስክርነት ሰጠሁ። ጌታ ነፃ አወጣኝ አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልል አለ፣ እናቴም አለቀሰች። ያልኩት ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ነፃ ከወጣሁበት ቀን ማግስት ጀምሮ ከሰዓቱን ምን እንደማደርግበት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይጀምረኛል። አፌ ይደርቃል፣ እጄ የሆነ ነገር መያዝ ይፈልጋል። ከበረንዳው ማዶ አንዲት ሴት ጀበና ቡና ትሸጥ ነበርና ወደ እሷ መመላለስ ያዝኩ። መጀመሪያ ሁለት ሲኒ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስኳሩን ቀንሳ ቡናውን እንድታወፍርልኝ መጠየቅ። ባለቤቴ ደስ አላት። የቸርች ሰዎችም ሊጠይቁኝ ሲመጡ አንድ አንድ ኪሎ ቡና ይዘው ይመጡ ነበር። ቡና ደግሞ ምን ያደርጋል?

ቆርቆሮውን ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው። ያኔ ሰዉ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ይደራጅ ነበር። እኛም አምስት ሰፊዎች ሆነን ተደራጅተን የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን ቱታ የመስፋት ሥራ አገኘን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቱታውን አስሬ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የደሴን ብርድ ለብሶ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ያዝለዋል። አንድ ቀን ከፋብሪካው በር አጠገብ ካለች ሱቅ ለስላሳ ስጠይቅ ባለሱቋ ፊቴን አየችና፣ "ይሄን ሞክረው፤ የጂቡቲ መስመር ሹፌሮች የሚጠጡት ነው፣ ድካም ያባርራል" ብላ ከፍሪጅ አንድ ቀጭን ቆርቆሮ አወጣችልኝ።

ስከፍተው ጭሽ አለ። ጣዕሙ የቀለጠ ከረሜላ ይመስላል፤ አልወደድኩትም። ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነሣ። ሙቀት ነው፣ ድፍረት ነው፣ ዓለም ትንሽ ወደ እኔ ቀረብ ያለች መምሰል ነው። ያንን ስሜት አውቀው ነበር። የመጀመሪያው የአረቄ መለኪያ የሚሰጠኝ ያንን ነበር። ያን ቀን ሁለት ቆርቆሮ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ማንም ሳይከለክለኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከቦርሳው አውጥቼ ከሸሚዜ ሥር ሸሽጌ ቤት ገባሁ።

ከማዳበሪያው ቀን በኋላ መደበቁን ተውኩት። ባለቤቴ አልኮል አለመሆኑን ስላወቀች ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ። ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ሥራ ሲበዛ ሌላ፤ በመሃል ደግሞ ቡናው እንዳለ ነው። ሥራዬ ፈጠነ። በቀን ሁለት ሱሪ የምጨርስ ሰው አራት መጨረስ ጀመርኩ። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት በዚያ ጊዜ እጅግ የጠቀመኝ መሰለኝ።

ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ያዩት ደንበኞች ናቸው። ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ስዘረጋ ይሰማቸዋል። አንዷ ሴት ከጓደኛዋ ጋር ወደ ማዶ ስትሻገር "ምስኪን፣ ጀምሯል" ስትል ሰማኋት። ተናደድኩ። ተከትያት ሄጄ አፌን አሽትቺ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰባት ወር፣ ስምንት ወር ጠብታ ያልቀመሰ ሰው እንዴት እንደዚህ ይባላል? ያንን ንዴት ደግሞ በሌላ ቆርቆሮ አወረድኩት።

አንድ ቀን ከቢስቲማ በኩል የመጡ ገበሬ ለሚያገባ ልጃቸው ኮት እንድሰፋ ጥሩ ሱፍ አመጡልኝ። ጋሼ ናቸው የላኳቸው። ጨርቁን ዘረጋሁ፣ በጠመኔ አሰመርኩ፣ መቀሱን አነሣሁ። መሃል ላይ ልቤ በአንድ ጊዜ መደለቅ ጀመረ፤ እጄ ዘለለና የግራውን ፊት አራት ጣት አሳጥሬ ቆረጥኩት። ሱፍ አይቀጠልም። መቀሱን ይዤ ደንዝዤ ቆምኩ።

ጋሼ ከመኪናቸው ተነሥተው መጡ። መጀመሪያ ጨርቁን አዩ፣ ከዚያ እጄን ያዙ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው እስትንፋሴን አሸተቱ።

"አፍህ ከረሜላ ከረሜላ ነው የሚለው" አሉ። "ወላሂ አልጠጣህም። ታድያ ይሄ እጅ የማን ነው?"

"ድካም ነው ጋሼ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"እንቅልፍ ትተኛለህ?"

ከሁለት ሰዓት በላይ ከተኛሁ ሳምንታት አልፈው ነበር። ለገበሬው ራሳቸው ጋሼ አስረዷቸው፤ ሱፉን ተካሁላቸውና ኮቱን እሳቸው ሰፉት። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አዝራር ስተክል ሰነበትኩ።

እንቅልፍ ማጣት ሐሳብን ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። ሱፉን ካበላሸሁ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን አንድ ሐሳብ ራሴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ፦ አንድ መለኪያ ብቻ ብጠጣ እተኛለሁ። ልስከር አላልኩም፤ ልተኛ ብቻ ነው ያልኩት። እንደ መድኃኒት። በጠራራ ፀሐይ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዝራር ልገዛ ነው ብዬ ተነሣሁና ከገበያው ጀርባ ወዳለው የድሮ አረቄ ቤቴ ሄድኩ።

አረቄ ሻጯ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። "ውይ፣ ጠፋህሳ! ታመህ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ሳልናገር ቀዳችልኝ። እኔም ሳልቀመጥ ጠጣሁት። ከስምንት ወር በኋላ የቀመስኩት እሱን ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ስደርስ ተቀምጬ መርፌ አነሣሁ። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ቀጥ ብሎ ገባ። እጄ እንደ ድንጋይ ረግቶ ነበር። ቀና ስል ጋሼ እጄን ያያሉ።

"አሁን ጠጥተሃል" አሉ፤ ቀስ ብለው።

ያ ቃል ከስድብ ሁሉ ይበልጥ ከበደኝ። ንጹሕ የነበርኩ ጊዜ እጄ ሰካራም አስመሰለኝ፤ የጠጣሁ ቀን ደግሞ ደህና ሰው አስመሰለኝ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ አለቀስኩ። ጋሼ ደንበኛ እንዳያየኝ በረንዳው ጫፍ ላይ መጋረጃ የምናደርገውን ጨርቅ ዘረጉት።

"አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ። "አሁን ተነሥና ለሚስትህ ንገራት። ከኔ እንዳትሰማው፣ ከሌላም ሰው እንዳትሰማው። ከራስህ ትስማ።"

"ትታኝ ብትሄድስ?"

"እሱን እሷ ታውቃለች። ያንተ ድርሻ መንገሩ ነው።"

ባለቤቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ናት። ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ ገና ከሩቅ ስታየኝ እርምጃዋ ቀነሰ።

"ስንት?" አለችኝ፣ ሳልነግራት።

"አንድ መለኪያ።"

መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ሰዎች አለፉ፣ ሰላም አሉን፣ ሰላም አልናቸው። ከዚያ ከማዳበሪያው ቀን ጀምሮ በዕዳ የያዝኩትን መልስ ነገርኳት። ቆርቆሮውን የደበቅሁት አረቄውን በምደብቅበት ምክንያት ነው፤ ያለ እሱ ቀኑን መጨረስ እንደማልችል ማንም እንዳያይብኝ። አልኮሉን ተውኩ እንጂ አጠጣጤን አልተውኩም ነበር። ስናገር እኔም ገና መስማቴ ነበር።

በነጋታው አብረን ኮምቦልቻ ወረድን። ደሴ የሚያውቀኝ ሰው ይበዛል ብዬ ነው እዚያ ወዳለ ጤና ተቋም የሄድነው። የተቀበለችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የልብ ምቴን ሰማች፣ ግፊቴን ለካች፣ ስለ አልኮሉ ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቀጥላ "ቡናስ?" አለችኝ።

"እንደ ማንኛውም ሰው።"

"በቀን አሥር አሥራ ሁለት ሲኒ" አለች ባለቤቴ። "በዚያ ላይ ሦስት አራት ቆርቆሮ ኢነርጂ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይሄን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀህም?"

"ማንም። ሁሉም ደስ ብሎት ነው ያየኝ።"

"ልብህን የሚያስደልቀው፣ እጅህን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። እንቅልፍህንም የወሰደው እሱ ነው። ያንተ ሰውነት ደግሞ ለእንቅልፍ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው።"

ዛሬውኑ ሁሉንም ልተው ወይ ስላት ሳቀች። ቆርቆሮውን ተወው፣ ቡናውን ግን ቀስ በቀስ ቀንስ፣ ከቀትር በኋላ አትጠጣ፣ ምሳህን አትዝለል አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱም እንድመለስ ቀጠሮ ሰጠችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ራሴን በመዶሻ የሚመቱኝ ይመስለኝ ነበር። በትንሹም በትልቁም ባለቤቴን እጣላለሁ። እሷ ግን የቀኑን ሦስት ሲኒ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ትወጣለች፤ መደበቅ እንዳይኖርብኝ ማለቷ ነው። በአራተኛው ሳምንት ከኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ደሴ መነኻሪያ ደርሰን ሰዉ ሁሉ ወርዶ እኔ የባለቤቴ ትከሻ ላይ ነበርኩ። አልቀሰቀሰችኝም፤ ሹፌሩንም ዝም እንዲል በእጇ ለመነችው።

መጋቢውን ደግሜ ልናገር እፈልጋለሁ አልኩት። ቅር ባይለውም ትንሽ ፈርቷል። መድረክ ላይ ወጥቼ መውደቄንም፣ በምን እንደወደቅሁም ተናገርኩ። ማንም አላጨበጨበም፣ እልልታም አልነበረም። ሲያልቅ ግን ከመዘምራኑ አንዱ፣ ፊቱን እንጂ ድምፁን የማላውቀው ሰው፣ ግቢው በር ላይ ጠበቀኝ።

"ያቺ ሐኪም የት ነው የምትሠራው?" አለኝ፣ ዙሪያውን እያየ። "ለወንድሜ ነው።"

ነገርኩት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ።

"ለወንድሜ አይደለም።"

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ አረቄም ቆርቆሮም አልቀመስኩም። ቡና በቀን ሁለት ሲኒ እጠጣለሁ፣ ከቀትር በፊት። ከዚያ ሰው ጋር ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዬን ዘግቼ ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ በእግራችን እንወርዳለን። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፦

"ይቺን ሰዓት አንተ በምን ነው የምታልፋት?"

"እኔም ገና እየፈለግሁ ነው" አልኩት። "እስቲ እስከ መታጠፊያው እንሂድ።"