ከመንገድ ዳር የታዩ ጣሪያዎች

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከአቃቂ ጀርባ ካሉት የገበሬ መንደሮች በአንዱ፣ ዝናብ ሲያባርረኝ ነው። ያ ዝናብ ባይመጣ ኖሮ እንደ ወትሮው የማንንም በር ሳልነካ ወደ ቢሮ እመለስ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የተቀጠርኩበት ሥራ ቀላል ነበር። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰባቸውን መንደሮች እየዞርኩ ሶላር የተተከለላቸውን ቤቶች አይቼ እመዘግባለሁ። የመዘገብኩት ወደ ላይ ይሄድና ከሌላው ጋር ተደምሮ ሀገሪቱ ከኩራዝና ከማገዶ ምን ያህል እንደራቀች ይነገርበታል። ቢሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ፣ ብርሃን ለገባለት ቤት ሁሉ ቢጫ ክብ ወረቀት የምለጥፈውም እኔ ነበርኩ። ቢጫው ወንዙን ሲሻገር ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሲያዩኝ ጠሩኝና ከምሳ ዕቃቸው አጎረሱኝ። “አንድ ያጣላል” ብለው ደገሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ አልኳቸው። የሰጡኝ መመሪያ አጭር ነበር፦ “ጣሪያውን ከመንገድ ዳር ሆነሽ እዪ። ሰው ቤት እየገባሽ አታስቸግሪ።” የሰው በር ማንኳኳት ከፈተና ስለሚብስብኝ መመሪያውን እንደ ስጦታ ቆጠርኩት። ዓይን አፋርነቴ ገብቷቸው ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ያን ቀን ጥቁሩ ጭቃ ጫማዬን ይዞ አልለቅ ሲል፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት በራፍ ላይ አንዲት እናት ጠሩኝ።

“ነይ ግቢ፣ አንቺ ልጅ። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ቆመሽ ጣሪያዬን ታያለሽ፤ ዛሬ እንኳ ከሥሩ ተጠለዪ።”

ጣሪያቸው ላይ ሶላር አለ። ቢጫውን የለጠፍኩት በገዛ እጄ ነው። ውስጡ ግን ጨለማ ነበር፤ ጥግ ላይ ኩራዝ ይጨሳል።

“እማማ፣ መብራቱ ተበላሽቶ ነው?”

“የቱ መብራት?” ሳቁ። “ያ እኮ የቤቴ ባርኔጣ ነው። ባትሪውና አምፖሉ የሚመጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። እንደ ማኅበር ጽዋ ይዞራል፤ አንዴ እኔ ቤት፣ በሚቀጥለው ጉብኝት ጎረቤቴ ጋ። ጽዋው እንኳ ሲወጣ ዳቦ ይተርፋል።”

“ማነው የሚያዞረው?”

“የእናንተው ቢሮ ትልቁ ሰውዬ። ክፉ ሰው አይደሉም። የጉብኝቱ ቀን በእጃቸው አጎረሱኝ፤ አንድ ያጣላል ብለው ደገሙኝ።”

የተቀመጥኩበት ዱካ የተንሸራተተ መሰለኝ። ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

“የት ዝም አልን? የኤሌክትሪክ ምሰሶው ወንዙ ማዶ ድረስ መጥቷል። ወደ እኛም ይሻገር ብለን የኤሌክትሪኩ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። ‘እናንተማ ብርሃን አላችሁ፣ ተራው ለሌላቸው ነው’ አሉን። ልጄ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ ጭሱ ዓይኗን በርበሬ አስመስሎታል።” በበሩ በኩል ወደ ቃሊቲ አመለከቱ። “ማታ ማታ የማረሚያ ቤቱ መብራት እዚህ ድረስ ይታያል። መብራት ያማረው ታስሮ ያንብብ ነው ነገሩ።”

ብርሃን አላቸው ብላ የመሰከረችው ማን እንደሆነች ሳያውቁ አልቀሩም። እንዲያም ሆኖ ዝናቡ ሲያባራ ጠብታው እንዳያገኘኝ ራሴ ላይ ፌስታል አስረው ሸኙኝ።

ቢሮ ስገባ ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ።

“ላምባ ላምባ ትሸቻለሽ። ሰው ቤት ገባሽ እንዴ?”

“ዝናብ ነበር።” ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። “ባትሪ የላቸውም፣ ጋሼ። ምሰሶም ተከልክለዋል።”

ተነሥተው በሩን ዘጉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “ባትሪው አንድ ቀን ለሁሉም ይደርሳል። እስከዚያ ሪፖርታችን ባዶ አይሂድ ብዬ ነው። ሌሎቹን ብልክ ቤት ለቤት እየገቡ ወሬ ያበዙብኝ ነበር። አንቺን የመረጥኩሽ ጨዋ ስለሆንሽ ነው፣ ልጄ።”

እያመሰገኑኝ ነበር። ያን ዕለት ጥግ ይዤ ሲያዩኝ አላዘኑልኝም ማለት ነው፤ የሚፈልጉትን ሰው ነው ያገኙት። ከሁለቱ ጉርሻ የትኛው ለእኔ፣ የትኛው ለሥራው እንደነበር ልለይ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ካርታው ከኋላቸው ቢጫ በቢጫ ሆኖ ተሰቅሏል። የዘጉትን በር ከፍቼ ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሌሎቹ ሠራተኞች እያዩኝ የእማማን ቤት ቢጫ በጥፍሬ ላጥኩት። ጋሼ “ምን እየሠራሽ ነው?” ሲሉኝ “የለም ጋሼ፣ መብራት የለም” አልኳቸው፤ ይሄኛው ድምፄ ተሰማ። ከዚያ ታክሲ ይዤ መንደሩ ሄድኩ። ከእማማ ቤት ቀጥሎ ሶላር ያለው አንድ ግቢ አለ። መንገድ ዳር የምቆምበትን ቦታ አልፌ ቆርቆሮውን በር አንኳኳሁ። ውሻ ጮኸ።

“ማነው?” አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ።

“መንገድ ላይ የምትቆመዋ ልጅ ነኝ” አልኩ። “ዛሬ ልግባ ብዬ ነው። መብራታችሁን አብሩልኝና ልየው።”