ሁለት ከረጢት ቄጤማ

በስደት በመጣሁበት ከተማ፣ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ የወንዝ ገጣሚ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም። የምሳ እረፍቴ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ለመድረስ ስምንት፣ ዳገቱን ለመመለስ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። በቀረችኝ አሥራ ሁለት ደቂቃ ስለ ዘላለም እጽፋለሁ።

በዚህ ሁኔታ አርባ መስመር ያለው ግጥም ጨረስኩ። ሰው ስላልነካው ዳርቻ ነው። ውስጡ «ስም የለሽ ሣር» የሚል ሐረግ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ጥልቅ ስለሆንኩ ሳይሆን የሣሩን ስም ስለማላውቅ ነው። መውረጃው አናት ላይ አንድ ሰሌዳ ቆሟል። ዳርቻው በመንግሥት ደንብ የተጠበቀ መሆኑን፣ መቆፈር፣ አፈር መድፋትና ተክል መቁረጥ የተከለከለ መሆኑን ይናገራል። አንብቤዋለሁ። አጻጻፉ ደረቅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ታች ሁልጊዜ የማገኘው አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ነበር። ባልዲውን አጠገቡ አድርጎ አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በአንገት ሰላም ከመባባል አልፈን አናውቅም።

ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር የቤታቸውን ምድር ቤት ያከራዩኝ እትዬ እኔ ሳልወለድ በሱዳን በኩል የመጡ ሴት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን የበዓል ኮሚቴ ማለት እሳቸው ናቸው። አምና ቀዳም ሥዑር ራሳችን ላይ የምናስረው ቄጤማ ጠፍቶ፣ ኮሚቴው ከሱፐርማርኬት የሽንኩርት ቅጠል ገዝቶ አደለን። ምእመኑ በሙሉ ወጥ ወጥ ሸተተ። ዘንድሮ ሰሞነ ሕማማት ላይ እትዬ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«አንተ ወንዝ ወንዝ ስትል አይደል የምትውለው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እዚያ ቄጤማ የለም?»

«ሞልቷል» አልኩ። ገጣሚ አላውቅም ማለት ይከብደዋል።

«እንግዲያው እስክሪብቶህን አስቀምጥና ቢላ ያዝ። ሁለተኛ ሽንኩርት አስሬ ክርስቶስ ተነሣ አልልም!»

ፋሲካ ዘግይቶ የዋለበት ዓመት ስለነበር ዳርቻው ለምልሟል። ሐሙስ ከሺፍት ስወጣ በካርቶን መቁረጫ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ሞላሁ። ቄጤማው እኩል እኩል ተራርቆ፣ በረድፍ በረድፍ ቆሞ ነበር። ቢላዬን ይዤ ቀና አልኩና የተፈጥሮን ሥርዓት አደነቅኩ። ቅዳሜ ዕለት ሰው ሁሉ አረንጓዴውን ራሱ ላይ አስሮ ሲወጣ፣ በር ላይ ቆሜ ልክ እኔ እንዳበቀልኩት ምርቃት ተቀበልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንዙን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የዳርቻውን ደንብ ስለማጥበቅ የነዋሪውን አስተያየት ለመስማት ስብሰባ ጠራ። የፈለገ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ግጥሜን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩና ተመዘገብኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰሙኝ እትዬ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሰባተኛው መስመር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቢሆንም እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ እኔ በመንግሥት ፊት ልናገር ነውና ምርጥ ነጠላቸውን ለብሰው አብረውኝ መጡ። ለእኔ ያ ምሽት የመጀመሪያ መድረኬ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ አንዲት ወጣት ሴት ናት። ስክሪኑ ላይ ፎቶ አወጣች። ረድፍ ረድፉን ከሥሩ የተቆረጠ ቄጤማ።

«ይህን በጎ ፈቃደኞች ናቸው አምና በመጸው የተከሉት» አለች። «ሥሩ አፈሩን ይዞ እንዳይናድ፣ ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር በደለል እንዳይሸፈን። ማን እንደቆረጠው አናውቅም። ወደዚያ የሚወርዱት ግን አጥማጆች ስለሆኑ መውረጃውን ዘግተን ማጥመድ እንዲከለከል ሐሳብ አቅርበናል።»

ሽማግሌው ከፊቴ ባለው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ቆቡን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

እትዬ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ይሄ የኛ ቄጤማ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

«ግጥም ላነብ ነዋ።»

«ወይ አለማፈር!» አሉና በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ።

ተጠራሁ። ወረቀቴን ዘረጋሁ። የመጀመሪያው መስመር «እጅ ያልነካሽ ዳርቻ ሆይ» ይላል። ፎቶው ከኋላዬ እንደበራ ነው። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ስመኘው የኖርኩት ዓይነት ጸጥታ ነበር። ከፊት ያ ቆብ ይታየኛል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

የቀረውን ጊዜ ቀዳም ሥዑርን ለማስረዳት ጨረስኩት። «ሣሩን ራሳችን ላይ እናስረዋለን» ስል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ከተቀመጡበት በአማርኛ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ በላቸው!» ብለው ጮኹ። ለተሰብሳቢው ተርጉሜ ነገርኩ። የሦስት ደቂቃው ማብቂያ ደወል ተደወለ። የማንም ግጥም አልተነበበም።

ባለሙያዋ መውረጃውን የመዝጋቱን ሐሳብ እዚያው ተወችው። ደንቡ ሊያስቀጣኝ እንደሚችል ነግራኝ፣ ከዚያ ይልቅ ሦስት ቅዳሜ መጥቼ እንድተክል ጠየቀችኝ። አሳዛኝና ክቡር ሰው እየመሰልኩ እሺ አልኩ። ውጭ ሽማግሌው ጠበቀኝ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ትሕትናዬን አዘጋጀሁ።

«ወንዙ ዳር ስትመጣ ጮክ ብለህ የምትለው ነገር ምንድነው?» አለኝ።

«ግጥም ነው።»

«ዓሣዎቹ ይሸሻሉ» አለና ወደ ባስ ፌርማታው ሄደ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ያን ሁሉ ወር የወንዝ ገጣሚ ስሆን እግሬን አርጥቤ አላውቅም ነበር። ችግኞቹን ስተክል ባለሙያዋ ከኋላዬ እየመጣች ግማሹን ነቅላ እንደገና ትተክለዋለች፤ ሥሩን ሽቅብ ማጠፍ የለብኝም። ሰው ያልነካው ያልኩትን ዳርቻ አንዱ ደንብ ጽፎለት፣ ሌላው ሰሌዳ አቁሞለት፣ ሌላው ደግሞ እንዲህ ጎንበስ ብሎ ነው ያቆየው። ይህን ወገቤ እየተቀነጠሰ ነው የተረዳሁት።

ከሰዓት በኋላ በተከልነው ዙሪያ ችካል ተክለን ገመድ ወጠርን፤ ለሽማግሌው ወደ ድንጋዩ የሚያልፍበት ክፍተት ተውን። ባልዲውን ይዞ መጣና ሊያልፍ ሞከረ። ባልዲውን ገመዱ ያዘው።

«ጠባብ ነው» አለኝ።

እጄ ችካሉን ሊነቅል ከሄደ በኋላ ሰሌዳው ትዝ አለኝና ባለሙያዋን ጠራኋት።

«ትንሽ ላስፋው?»

መጥታ ሥሮቹን አየች፣ ክፍተቱን በጫማዋ ርዝመት ለካች። «አንድ ጫማ» አለች። «ከዚያ በላይ ግን አይሆንም።»

ችካሉን ነቀልኩና አንድ ጫማ አራቅሁት።