አይጥ የማትይዘው ድመታችን

በረኪና ሲሸተኝ አንዲት ድመት ትዝ ትለኛለች። ሌላው ሰው ሽቶ ሲሸተው የድሮ ፍቅረኛው ትዝ ትለዋለች፣ የኔ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ። ዛሬ ጠዋት የሱቁን ወለል ሳጥብ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው፣ መወልወያውን ተደግፌ ቆምኩ። ጉልበቴም ሰበብ ሲፈልግ ነበር መሰለኝ። አሁን አሁን ከእኔ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው።

ያኔ ግን ወጣት ነበርኩ። ስማኝማ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ በቶኮዛ ሰፈር እንደኔ ፈጣን ባለሱቅ አልነበረም! እንግሊዝኛውን ማንም አላስተማረኝም፣ ከብስኩት ካርቶን ላይ እያነበብኩ ነው የለቀምኩት። ዙሉውን ከደንበኛ። ሱቁን የምሠራው ከሸሪኬ ጋር ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ዝምተኛ የሆሳዕና ሰው። "ጋሼ" ነበር የምለው። ሌባ ፈርተን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ እንሸጣለን፣ ሲመሽ እዚያው ከዱቄቱ ጆንያ ጎን እንተኛለን።

አንድ ጊዜ ሌቦች ቆርቆሮውን ቀደው ገቡብን። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እንቅልፍ አጣ። ጣሪያው ላይ አይጥ በሮጠች ቁጥር ሌባ መጣ ብሎ ብድግ ይላል። ዓይኑ ቀላ። ዳቦ ሲጠይቁት ሳሙና ማቀበል ጀመረ። በመጨረሻ "በቃኝ፣ አገሬ እገባለሁ" አለኝ።

 ያን ሁሉ ጉራ የምነዛው እኮ እሱ አጠገቤ ስላለ ነበር። እሱ ከሄደ እዚያ ፍርግርግ ውስጥ ብቻዬን ምን እሆናለሁ?

"ጋሼ፣ ጣጣው አይጧ ናት" አልኩት። "ድመት እናመጣለን፣ ትተኛለህ።"

ቅዳሜ ቀን ሱቃችንን ዘጋን። ቅዳሜ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ባለሱቅ ብቻ ነው። ሁለት ታክሲ ቀያይረን የተጣሉ እንስሳት ወደሚጠለሉበት ግቢ ሄድን። ውሻው ሁሉ ባንድ ላይ ይጮሃል፣ በረኪናውና እርጥብ ጸጉሩ ተቀላቅሎ ይሸታል፣ ፀሐይዋ በሽቦው ውስጥ አልፋ ወለሉን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጋዋለች። ድመቶቹ እንደኛው ከሽቦ ጀርባ ተቀምጠው ወደ ውጭ ያያሉ።

እኔ ወዲያው መረጥኩ። ጆሮው የተቀደደ፣ ጭንቅላቱ ቡጢ የሚያክል ወንድ ድመት። "ይሄ ነው ገዳዩ!"

ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ፎርም ይዛ መጣች። "ምን ታበላዋለህ?" አለችኝ።

ደረቴን ነፋሁ። "ምንም! ከበላማ መች አይጥ ይይዛል? እኛ አገር ድመት ራሷን ነው የምትቀልበው።"

ታደንቀኛለች ብዬ ስጠብቅ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። "አዝናለሁ። ለእናንተ አንሰጥም።"

ለመንኩ፣ ቀለድኩ፣ በዙሉም ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለችም። ዞር ስል ጋሼ አጠገቤ የለም። መጨረሻ ያለችው ሳጥን ፊት ቁጢጥ ብሏል። ውስጥ ያለችው አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ግራጫ አሮጊት ድመት ናት። ግንባሯን ሽቦው ላይ ለጥፋዋለች፣ እሱ በጣቱ ያክላታል። ሴትዮዋ "እዚህ ብዙ ቆይታለች፣ የጠየቃት ሰው የለም" አለች።

"ጋሼ ተነስ እንጂ" አልኩት ባማርኛ። "ይቺ እንኳን አይጥ ዳቦም አትነክስ!"

አልተነሳም። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው ለሴትዮዋ "እኔ እንቅልፍ የለኝም" አላት። "እሷም የላትም፣ ዓይኗን ተመልከች። ከሳህኔ አበላታለሁ።"

ሴትዮዋ ትንሽ አየችውና የእስክሪብቶዋን ክዳን መልሳ ከፈተች።

በሦስተኛው ቀን ቤታችንን ልታይ መጣች። ድመቷ የት እንደምትተኛ አየች፣ ፍራሹን በእጇ ዳሰሰች። እኔ ቶኮዛ ስኖር የት እንደምተኛ ያየልኝ ሰው አልነበረም። ሳቄ መጣ፣ ደግሞ ሌላም ነገር መጣብኝና ዕቃ የማነሳ መስዬ ዞር አልኩ።

ድመቷ ገባች። የመጀመሪያዋን አይጥ እንደ ጎረቤት አሳለፈቻት። ወጥመድ ገዛሁ! ግን ጋሼ ደረቱ ላይ አስተኝቷት እያንኮራፋ ተኛ። አገሬ እገባለሁ ማለቱን ተወ።

ሁለት ዓመት ቆየልኝ። በኋላ እናቱ ታመሙና ሄደ። "አደራ" ብሎ ድመቷን እቅፌ ላይ አስቀመጣት። ከሆሳዕና በየሳምንቱ ይደውላል፣ መጀመሪያ እሷን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ እኔን። አንድ ክረምት፣ የዚህ አገር ብርድ አጥንት ሲገባ፣ ጠዋት ላይ የሱ ብርድ ልብስ ላይ ተጠቅልላ ደርቃ አገኘኋት። ከሱቁ ጀርባ ኮክ ዛፉ ሥር ቀበርኳት። ለሱ መንገር ግን አቃተኝ። "ደህና ናት" እያልኩ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ደወለ። አንዲት ደንበኛ ዳቦ ፈልጋ ቆማለች። "እስቲ ዛሬ ድምጿን አሰማኝ፣ ናፈቀችኝ" አለኝ።

ምን ላድርግ? ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩና "ሚያው" አልኩ። ጉራ አይሁንብኝና አሳምሬ ነው ያልኩት። ደንበኛዋ በፍርግርጉ አጮልቃ "ማይ ፍሬንድ፣ አሞሃል እንዴ?" አለችኝ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ። 

"አንተ ልጅ" አለኝ ጋሼ ቀስ ብሎ። "ብቻህን ቀረህ አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

አልተቆጣኝም። አሁንም ይደውላል። ከዚያን ቀን ወዲህ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው።