እስከ መስመሩ

አዲሷ ኢንጂነር ቢሯችን በገባች በሦስተኛው ሳምንት ጥበቃው ለእኔ በር መክፈት አቆመ። መክፈቱንስ ይከፍታል፤ ግን ለእሷ እየሮጠ፣ ለእኔ እያዛጋ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚቆጥር ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ቢሯችን ካዛንቺስ ውስጥ ያረጀ ቪላ ነበር፤ ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ሳሎኑ መሰብሰቢያ፣ መኝታ ቤቶቹ ቢሮ፣ ማድ ቤቱ ደግሞ የእኔ መሞከሪያ ክፍል። ሥራችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ ቤት ውስጥ በውሃ የሚበጠበጥ የሕፃናት ሽሮፕ ከነመለኪያው በአንድ ካርቶን ማውጣት። እናቶች እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚለኩት ባገኙት ማንኪያ ነበር፤ የአንዷ ቤት ማንኪያ ደግሞ ከሌላዋ ቤት ማንኪያ አይገናኝም። ስለዚህ መድኃኒቱና መለኪያው እንደ አንድ ዕቃ ታስበው ይሠሩ፣ አንድ ላይም ይፈተሹ ተባለ። እኔ ፋርማሲስቷ ዱቄቱን ያዝኩ። እሷ ኢንጂነሯ መርፌ የሌለውን የፕላስቲክ ሲሪንጅ ያዘች።

ያደገችው ቄራ ነው። አባቷ የፕላስቲክ ዕቃ ማውጫ ቅርጽ የሚሠሩባት ትንሽ ወርክሾፕ ነበረቻቸው፤ ትምህርቱን ከዩኒቨርሲቲ ብታመጣውም እጇን ያገኘችው ከእሳቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ሲሪንጆቹን በፌስታል አንጠልጥላ ትመጣና ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፋቸዋለች። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ያነሳል። መግፊያው ሲሳብና ሲገፋ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው። ኃላፊያችን ሳይቀሩ በስብሰባ መሀል ይዘውት ሲጫወቱ አየሁ።

ዱቄት በእጁ ይዞ የሚጫወት የለም። ያ መድኃኒት ልጅ አፍ ውስጥ ገብቶ እንዳይተፋ ምሬቱን ለማሸነፍ ስንት ወር እንደለፋሁ፣ ከተበጠበጠ በኋላ ሳይበላሽ እንዲቆይ ስንቴ ከዜሮ እንደጀመርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከእሷ በፊትም ሁለት ዓመት እዚያ ነበርኩ። እሷ ከመጣች በኋላ ግን ካርቶኑ በቢሮው ውስጥ ሁሉ «የእሷ ሲሪንጅ» ተባለ። ሽሮፑ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አንጀቴ እያረረ እስቅ ነበር።

ኃላፊያችን ብዙ ዓመት በነርስነት ያገለገሉ፣ ከጡረታ በኋላ ድርጅቱን የከፈቱ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እናቶች መመሪያውን እያነበቡ ሽሮፑን የሚበጠብጡበት ሙከራ እንዳለቀ ከሁለታችን አንዳችንን የሥራው ሁሉ አስተባባሪ አድርገው እንደሚሾሙ ነገሩን። ያንን ሹመት ፈለግሁት። ለደሞዙ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ጥበቃው ለእኔ እንዲሮጥልኝ ነበር የፈለግሁት።

እትዬ አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው። በማክሰኞ ስብሰባ ማንም የራሱን ሥራ አያቀርብም። እኔ ስለ ፕላስቲኩ፣ እሷ ስለ ዱቄቱ እንናገራለን። «የራስሽን ስህተት ዓይንሽ ለምዶታል፤ ሌላ ሰው ይየው» ይሉ ነበር። ስለዚህ አንዳችን የሌላችንን ወረቀት እናነባለን፣ ያልተዋጠልንን በእርሳስ እናሰምርበታለን፣ ሲስተካከል ከታች «አንብቤዋለሁ» ብለን በእስክሪብቶ እንፈርማለን። ያ ፊርማ የሌለበት ወረቀት ማተሚያ ቤት አይሄድም። በዚህ ደንብ የተነሳ ያየሁትን ፍዳ ልናገር፦ ስለ እኔ ዱቄት እሷ ስታወራ ከእኔ በተሻለ ታወራ ነበር። እኔ ስለ ሲሪንጁ ሳወራ ግን እትዬ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ከሙከራው በፊት በነበረው ሳምንት የካርቶኑ መመሪያ ለንባብ ደረሰኝ። ከላይ የእኔ ጽሑፍ ነበር፤ ስለ ጠርሙሱ፦ «አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ እስከ መስመሩ ይጨምሩ።» ከታች የእሷ ስለ ሲሪንጁ፦ «መድኃኒቱን እስከ መስመሩ ይሳቡ።» አንብቤ ልፈርም ስል ቆም አልኩ። መስመር ከላይ፣ መስመር ከታች። የትኛው መስመር? በጠርሙሱ ላይ ያለው መስታወቱ ላይ ወጣ ያለች፣ ካልተጠጉ የማትታይ ነገር ናት። በሲሪንጁ ላይ ያለው ግን ደማቅ ቀይ ነው። ካርቶኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው መስመር ሲባል ዓይኑ የሚያርፈው ቀዩ ላይ ነው። እርሳስ አነሳሁና በእሷ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ቃል አሰመርኩበት።

በዚያው ቅጽበት ከሳሎኑ ሳቅ ሰማሁ። የእትዬ ድምፅ ተከተለ፤ «ይህቺ ልጅ ባትመጣ ምን ይውጠን ነበር!»

ላጲስ አነሳሁ። የእኔ ጽሑፍ ቀድሞ ነበረ፣ ቃሉን የደገመችው እሷ ናት፣ ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ ነው ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ሙከራው ላይ ጠርሙሱ ውስጥ የሚሆነው መድኃኒት የሌለበት የስኳር ዱቄት ነው፤ የሚጎዳ ልጅ የለም አልኩ። ይህን ከዚያ ወዲህም ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ምልክቱን አጠፋሁ፣ «አንብቤዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ሙከራው የተደረገው ቂርቆስ ውስጥ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ነው። የሰፈሩ እናቶች ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዳቸው ካርቶን፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ብርጭቆ። ደንቡ እኛ አንድ ቃል ሳንተነፍስ ማየት ነው። ሻሽ ያሰረች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ለማያነቡት ብላ መመሪያውን ጮክ ብላ አነበበች። «እስከ መስመሩ ይጨምሩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጠርሙሱን አላየችውም። ሲሪንጁን አንስታ ውሃውን እስከ ቀዩ መስመር ሳበችና ዱቄቱ ላይ ጠቅ አድርጋ ገፋችው። ሌሎቹም እሷን እያዩ እንደዚያው አደረጉ። ውሃው ዱቄቱን አቦካው እንጂ አልበጠበጠውም።

ሴትየዋ ጠርሙሱን ገልብጣ አየችው። «ይኼ ገንፎ ነው ሽሮፕ? ልጁ በምን ይውጠው?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ አልሳቁም። እውነተኛው መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በዚያ ውፍረት ልጁ የሚወስደው ስንት እጥፍ እንደሚሆን በልባቸው እያሰሉ እንደነበር ፊታቸው ይናገር ነበር።

እኔ የጠበቅሁት ይህንን ነበር፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣልኝም።

ሴቶቹ ተመስግነው ሲወጡ እትዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሁለታችንንም አዩን። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ተናገረች።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የሷ ጽሑፍ ቀድሞ ነበረ። ማለቴ... አጻጻፏን ስለምወደው ቃሉን ከሷ ወሰድኩት። ካርቶኑ በአንድ ሰው አፍ የሚናገር እንዲመስል ብዬ ነው።»

እትዬ ወደ ፊርማዬ ጠቆሙ። «አንቺስ የኔ ልጅ? አንብበሽዋል እኮ።»

«አላስተዋልኩትም» አልኩ።

መመሪያው በአንድ ሳምንት ተስተካከለ። ጠርሙሱ ላይ ሰማያዊ ቀስት ይታተም፣ «እስከ ቀስቱ» ይባል፤ መስመር የሚለው ቃል ለሲሪንጁ ብቻ ይቅር። ይህንንም ያሰበችው እሷ ናት። በሁለተኛው ሙከራ ሁሉም እናቶች በትክክል በጠበጡት። ዓርብ ዕለት እትዬ ጠርተው አስተባባሪነቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ትቸኩላለች አሉኝ። አልቸኮለችም ማለት ስችል አመስግኜ ወጣሁ።

ከሥራ ስንወጣ እሷ ክንዴን ያዘችኝ። «ነይ፣ ማኪያቶ ልጋብዝሽ። እንኳን ደስ አለሽ።» ኦሎምፒያ ድረስ በእግራችን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ያወራችው ስለሚቀጥለው ሥራ ነበር፤ ለአስም የሚሆን ነገር ብንሠራ፣ አንቺ መድኃኒቱን እኔ የሚሳብበትን ዕቃ እያለች። ፊቷ ላይ ቂም ፈለግሁ። ቢኖር ይቀለኝ ነበር። አጣሁት። ማኪያቶው ሲመጣ መታገስ አልቻልኩም።

«አይቼው ነበር» አልኳት። «መስመር የሚለውን። ከሙከራው በፊት አይቼዋለሁ።»

ስኳሩን ማማሰሏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ። በእርሳስ አስምረሽበት ነበር። ስታጠፊው ወረቀቱ ትንሽ ሻክሮ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? መጀመሪያ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። በኋላ አስበሽበት ካጠፋሽው ልክ ነው ማለት ነው ብዬ ተውኩት። በቃ፣ አመንኩሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንዳጠፋሁት ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል፤ የምታማስልበት እጇ ቆመ። ግን አልጠየቀችኝም። ሒሳቡን ጠርታ ከፈለችና ታክሲ እንዳያመልጣት ብላ ተነሳች።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ለእትዬ እነግራለሁ ብዬ ነበር፤ አልነገርኩም። አስተባባሪ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠራሁ፣ እሷም በሥርዓት ታዘዘችኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞም የእኔን ወረቀት እያነበበች መፈረሟን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ከመፈረሟ በፊት ሁለቴ ታነብ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ዕለት ኦሎምፒያ ላይ አፍሬ መሬት ልግባ እያልኩ እንኳ ቀንቼባት ነበር፤ እኔ በሕይወቴ የማንንም ፊርማ እንደዚያ አምኜ አላውቅም።